ሰማይ ያላየው ጂፒኤስ

በሉ ጆሮ ስጡኝ። ተረቴ ከተራራ ይነሣል፣ ኮሚቴ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ከወጣ ደግሞ እናያለን።

ከጉም ራስ ተራራ ሥር፣ «ላይ አምባ» በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ወለላ የምትባል ሴት ነበረች። ታላቅ ወንድሟ አለበል የከተማዋ አስጎብኚ ነበር። ባለፈው ክረምት እንግዶች ይዞ ተራራው ላይ ሳለ ጉም ወረደበት፤ መንገዱ ጠፋው፤ እንግዶቹን አትርፎ እሱ ከገደል ጠርዝ ወድቆ እግሩን ተሰበረ። ቤቱን የሚደጉም ሌላ ሰው ስላልነበረ ወለላ የወንድሟን ሥራ ተረከበች።

ቅዳሜ ደግሞ እንግዶች ይመጣሉ። እነዚህ እንግዶች ተራራ የሚወጡት ለተራራው ብለው አይደለም። አንዱ ፈረንጅ መጥቶ ትንሽ ሣጥን ድንጋይ ሥር ይደብቃል፤ የደበቀበትን ቦታ በቁጥር አድርጎ ለዓለም ያወራል፤ ሌላው ፈረንጅ ቁጥሩን ይዞ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ሣጥኑን ሊፈልግ ይመጣል። ሥራ የፈታ ሰው ጨዋታ ነው ብትሉ አልከራከራችሁም። ለወለላ ግን እንጀራዋ ነው። እንግዶቹን ሣጥኑ ድረስ ካላደረሰች የጎረቤት ከተማ የታች አምባ አስጎብኚዎች ይወስዷቸዋል፤ ከዚያ ወዲያ እሷን የሚጠራ የለም። ያለ ጂፒኤስ፣ ያለ ቦታ ጠቋሚ መሣሪያ፣ ጉም ውስጥ ላትገባ ደግሞ ለአለበል ምላለች።

እንግዲህ የፈለገችው አንዲት ትንሽ ነገር ናት፤ በእጅ የሚያዝ ጂፒኤስ መምረጥ።

አቶ ጥላዬ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ሦስት ተደርድረው ነበር። ጥቁሩ መስተዋቱ ሰፊ ነው፤ በጣት ይነካል፤ እንደ ስልክ ያብረቀርቃል። ግራጫው ትንሽ ነው፤ ካርታ የለው፣ ምን የለው፣ ቀስት ብቻ። ቢጫው ወፍራምና መልከ ጥፉ ነው፤ ቁልፎች አሉት፤ በየኪዮስኩ በሚሸጠው ባትሪ ድንጋይ ይሠራል። የወለላ ዓይን ቢጫው ላይ አረፈ። ጉም ውስጥ ጣት ይረጥባል፣ ይደነዝዛል፤ መስተዋት እርጥብ ጣት አይሰማም፤ ቁልፍ ግን ሲጫኑት ይሰማል። ተራራ ላይ ሶኬት ስለሌለም ድንጋዩ ሲያልቅ አውጥቶ ሌላ መክተት ነው።

«አቶ ጥላዬ፣ እስቲ ይቺን ቢጫዋን ደጅ ላውጣትና ልሞክራት። ሰማይ ካላየች ቦታ አትናገርም» አለች።

«ደጅ? ማን ፈቅዶልሽ?» አለ ባለሱቁ። «ዕቃው የሚገዛው ለአስጎብኚዎች ማኅበር ነው። ሊቀመንበሩ ሳይፈቅድ ከሱቄ ንቅንቅ አይልም።»

ባለሱቁ አላወጣም አለ፤ ወለላም እዚያው ቆመች።

ከዚያ ወደ አስጎብኚዎች ማኅበር ሊቀመንበር ወደ ጋሽ ፈንታሁን ሄደች። ጋሽ ፈንታሁን ተራራውን የሚያውቁት በቢሯቸው መስኮት ነው፤ ደመና ሲኖር ደግሞ መጋረጃውን ይዘጉታል።

«ጋሼ፣ ባለሱቁ አላወጣም አለኝ። እርስዎ ይፍቀዱልኝ።»

«ልጄ፣ እኔ ብቻዬን ብፈቅድ አምባገነን ይሉኛል» አሏት። «እንዲህ ያለ ነገር አሳታፊ መሆን አለበት። ኮሚቴው ሳይመርጥ አልፈቅድም።»

ሊቀመንበሩ አልፈቅድም አሉ፤ እሳቸው ካልፈቀዱ ባለሱቁ አላወጣም አለ፤ ወለላም እዚያው ቆመች።

ወደ ኮሚቴው ሄደች። ኮሚቴው አዳራሽ ውስጥ፣ በየፊቱ የታሸገ ውሃ አስቀምጦ፣ የራሱን ስም ሲያወጣ ደረሰች። «ዕቃ መራጭ» ይባል ወይስ «ዕቃ አስመራጭ» በሚለው ላይ ገና አልተግባቡም።

«እባካችሁ፣ ሊቀመንበሩ አልፈቅድም አሉኝ፤ ባለሱቁ አላወጣም አለኝ። ቢጫውን ምረጡልኝ።»

«ቢጫ?» አለች ሰብሳቢዋ ወይዘሮ አመለወርቅ። «ጥቁሩ አይሻልም? ከወንበሮቻችን ጋር ይሄዳል።»

«ወንበሮቹ ተራራ አይወጡም እኮ እትዬ።»

«ነገሩ ቴክኒካል ነው» አለ ከጥግ አንዱ፣ ውሃውን እየከፈተ። «ነገ ተጠያቂ እንሆናለን። ባለሙያ ሳያረጋግጥ አንመርጥም።» ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ተጠያቂ የምትለው ቃል በተነሣች ቁጥር ይስማማሉ።

ኮሚቴው አልመርጥም አለ፤ ኮሚቴው ካልመረጠ ሊቀመንበሩ አልፈቅድም አሉ፤ ሊቀመንበሩ ካልፈቀዱ ባለሱቁ አላወጣም አለ፤ ወለላም እዚያው ቆመች።

ባለሙያው ኢንጂነር ሣህሉ ነው። ኢንጂነር የተባለው በምን እንደሆነ የሚያስታውስ ሰው የለም፤ አንገቱ ላይ የምትንጠለጠል መታወቂያ ግን አለችው። ወለላ ለምና፣ አባብላ ሱቅ ድረስ አመጣችው። ቢጫውን አንሥቶ አበራው፤ ወዲያው ግንባሩ ተኮሳተረ።

«አሁን ስንት ሰዓት ነው?» አላት።

«ከጠዋቱ ሦስት።»

«እዪ! ይሄ ዘጠኝ ይላል። ከጠዋቱ ዘጠኝ ሰዓት ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ዓመቱንስ ተመልከች፤ እኛ ገና ያልደረስንበትን ዓመት ነው የሚጽፈው!»

«ኢንጂነር፣ የፈረንጅ አቆጣጠር ሆኖ…»

«የፈረንጅም ቢሆን ያለው ላይ አምባ ነው! ዛሬ መቼ እንደሆነ የማያውቅ፣ እዚህ የት እንደሆነ እንዴት ያውቃል? ጥቁሩም ያው፣ ግራጫውም ያው፤ ሦስቱም ተመካክረው ነው የሚዋሹት። ሰዓቱ ሳይስተካከል አላረጋግጥም!»

ባለሙያው አላረጋግጥም አለ፤ ባለሙያው ካላረጋገጠ ኮሚቴው አልመርጥም አለ፤ ኮሚቴው ካልመረጠ ሊቀመንበሩ አልፈቅድም አሉ፤ ሊቀመንበሩ ካልፈቀዱ ባለሱቁ አላወጣም አለ፤ ወለላም እዚያው ቆመች።

ሱቁ በረንዳ ላይ ሰዓት ሠሪው አያ ወርቅነህ ይቀመጣል። ሁሉንም ሰምቷል፤ ግን ያልሰማ መስሎ አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቷል።

«አያ ወርቅነህ፣ ባለሙያው አላረጋግጥም አለኝ፤ ኮሚቴው አልመርጥም አለኝ፤ ሊቀመንበሩ አልፈቅድም አሉኝ፤ ባለሱቁ አላወጣም አለኝ። እባክህ ገባ በልና ሰዓቱን አስተካክልልኝ።»

«የየት አገር ሰዓት ላድርገው?» አለ አያ ወርቅነህ። «ሰዓት እንደ አገሩ ነው የሚሞላው። መጀመሪያ የቆመበትን ቦታ ራሱ ይናገር። ቦታውን ሳይናገር አልነካውም።»

ወለላ ወደ ቢጫው ተመለሰች። «በል ተናገር፤ የት ነው ያለኸው?» አለችው። ቢጫው ሳተላይት ፈለገ፤ ከላይ የአቶ ጥላዬ ቆርቆሮ ነው። ፈለገ፣ ፈለገ፣ በመጨረሻ ሰማይ አሳዩኝ ብሎ ጻፈ።

እንግዲህ መሣሪያው ሰማይ ሳላይ አልናገርም አለ፤ መሣሪያው ካልተናገረ ሰዓት ሠሪው አልነካም አለ፤ ሰዓት ሠሪው ካልነካ ባለሙያው አላረጋግጥም አለ፤ ባለሙያው ካላረጋገጠ ኮሚቴው አልመርጥም አለ፤ ኮሚቴው ካልመረጠ ሊቀመንበሩ አልፈቅድም አሉ፤ ሊቀመንበሩ ካልፈቀዱ ባለሱቁ አላወጣም አለ፤ ባለሱቁ ካላወጣ መሣሪያው ሰማይ አያይም፤ ሰማይ ካላየ አይናገርም! ገመዱ ዞሮ የራሱን ጭራ ነከሰ፤ ወለላም መሀሉ ላይ ቆመች።

ቀኑ ዓርብ ነው። ወለላ ተናደደች፤ እንባዋም መጣ። ከሰዓት ሠሪው አጠገብ ካለችው በርጩማ ላይ ቁጭ አለችና፣ ከድካሟ የተነሣ፣ ለማንም ሳትል፣ «ለመሆኑ የታች አምባ ሰዎች ገዝተው ይሆን?» አለች።

ጥያቄ ነበረች። ሌላ አገር ቢሆን ጥያቄ ሆና ትቀር ነበር። ላይ አምባ ውስጥ ግን ስለ ታች አምባ የተነሣ ጥያቄ ጥያቄ ሆኖ አያድርም፤ አንዲት «አሉ» ትጨመርበትና እግር ያወጣል።

አያ ወርቅነህ መነጽሩን ከዓይኑ ነቀለ። «ምን አልሽ? ገዝተዋል?»

«ኧረ እኔ ምን አውቄ፤ ጠየቅሁ እንጂ።»

አያ ወርቅነህ ግን ተነሥቷል። ሱቅ ዘልቆ ቢጫውን አየት አደረገና «ሰዓቱ ልክ ነው! ልክ ነው!» ብሎ ወደ ባለሙያው ሮጠ። «ኢንጂነር፣ የታች አምባ ሰዎች ጂፒኤስ ገዝተዋል አሉ!»

ባለሙያው ያችኑ ሰዓት አረጋገጠ፤ ወደ ኮሚቴውም በረረ። «የታች አምባ ሰዎች ሁለት ገዝተዋል አሉ!»

ኮሚቴው ስሙን ሳያወጣ መረጠ፤ ውሃውንም ሳይጨርስ ወደ ሊቀመንበሩ ገሰገሰ። «ጋሼ፣ ታች አምባ አስጎብኚው ሁሉ በየአንገቱ አንጠልጥሏል አሉ!»

ሊቀመንበሩ መጋረጃውን ገለጡ፤ ፈቀዱ፤ ባርኔጣቸውን ረስተው ወደ ሱቁ ወረዱ። «ጥላዬ! አህዮቻቸው ሳይቀሩ ይዘዋል አሉ! ምን ትጠብቃለህ፣ አውጣው እንጂ!»

«የትኛውን ነው የማወጣው?»

«ከአህዮቹ የሚበልጠውን!»

ወይዘሮ አመለወርቅ ጥቁሩን አለች። ኢንጂነሩ ግራጫውን አለ። ሰዓት ሠሪው ሦስቱንም አለ። ሁሉም ዓይናቸው ቁልቁል ወደ ታች አምባ መንገድ ነበርና ወለላ ቢጫውን አንሥታ ስትወጣ እጇን ያየ የለም።

ሰዓት ሠሪው ልክ ነው አለ፤ ባለሙያው አረጋገጠ፤ ኮሚቴው መረጠ፤ ሊቀመንበሩ ፈቀዱ፤ ባለሱቁ አወጣ፤ መሣሪያው ሰማይ አየ፤ ሰማይ ሲያይ ቦታውን ተናገረ። የተናገረው ቦታ «ላይ አምባ» ነው። አንድ መሣሪያ ላይ አምባን ስላወቀ ብቻ ኮሚቴው አጨበጨበ።

ቅዳሜ ወለላ የሣጥኑን ቁጥር ቢጫው ላይ ጫነችና እንግዶቿን ይዛ ወጣች። ከግማሽ መንገድ በኋላ ጉሙ ወረደ። እንግዶቹ እርስ በርሳቸው አይተያዩም። ወለላ በእርጥብ ጣቷ ቁልፉን ተጫነች፤ ቀስቱ ዞረ፤ እሷም ዞረች። ድንጋዩን ፈነቀሉ፤ ሣጥኑ ወጣ። ውስጡ አንድ ብይ፣ አንድ የላስቲክ እንሽላሊትና አንድ የዛገ ቁልፍ ነበር። ትልልቅ ሰዎች በእንሽላሊቱ ተቃቀፉ፤ ወለላም ሥራ ነውና አብራ አጨበጨበች።

ሲመለሱ አለበል የወደቀበት ቦታ ደረሱ። ጉሙ ጠርዙን ሸፍኖት መንገዱ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ይመስላል፤ ቢጫው ግን ሲወጡ የረገጡትን ዱካ ወደ ግራ ያሳያል። ወለላ እንግዶቹን ወደ ግራ መለሰችና ከኋላ ቀርታ አለቀሰች። ፈርታ አልነበረም። ወንድሟ ይህ በእጁ ቢኖር ኖሮ ዛሬ በሁለት እግሩ ይሄድ ነበር፤ ያንን አስባ ነው ያለቀሰችው።

ሁሉም በደህና ወረዱ። ማኅበሩ በር ላይ ኮሚቴው ተሰልፏል፤ ፎቶ አንሺም ተጠርቷል። ጋሽ ፈንታሁን ቢጫውን ከወለላ ተቀብለው፣ ገልብጠው ይዘው፣ ከእንግዶቹ መሀል ቆሙ።

«እንግዲህ ይሄ የማኅበሩ ንብረት ነው» አሉ። «ካቢኔ ውስጥ ይገባል፤ ይቆለፋል፤ ቁልፉ እኔ ዘንድ ይሆናል። የፈለገ ለኮሚቴው ያመልክት።»

«ይቆለፍ ጋሼ» አለች ወለላ። «ደስ ያላችሁ ቦታ ደብቁት። ሰው የደበቀውን ሣጥን ፈልጎ ማውጣት ከዛሬ ጀምሮ ሥራዬ ነው።»

ከእንግዶቹ አማርኛ የሚሰማው አንዱ ለጓደኞቹ ተረጎመላቸውና ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። ጋሽ ፈንታሁንም ፎቶ ላይ ናቸውና አብረው መሳቅ ግድ ሆነባቸው። ሳቃቸው ሳያልቅ ወለላ ቢጫውን ከእጃቸው ወሰደች፤ ማንጠልጠያ ገመዱን አንገቷ ላይ አጠለቀች፤ ይህን ያህል ሰው ቆሞ ሲያያት አልሰጥሽም የሚል ጠፋ።

የኔ ወሬ ወረደ፤ እናንተም በደህና ግቡ።