መበለቷ አህያና የማኅበሩ ወፍጮ

የደከመው ይቀመጥ፤ የተቀመጠው ይስማ። ይህን ተረት ባለቤቴ ለልጆቻችን ያወራው ነበር። አሁን ድምፁ ስለሌለ፣ እንዳይረሳ እኔ ጻፍኩት።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ንብረት በነበራቸው ዘመን፣ አንዲት አህያ ነበረች። ባሏ የነጋዴውን የግመልን ጨው ተሸክሞ ሲወጣ ዳገት ላይ ሞተባት። የተወላት አንድ ጎታ ገብስ ብቻ ነው። የእሷም ጀርባ ተገጥቧል፤ ጉልበቷ ዝሏል። ጎታው ባዶ የሆነ ቀን ወደ ጨው መንገድ መመለሷ ነው፤ ያ ዳገት ደግሞ እሷንም እንደሚያስቀራት ታውቀዋለች።

መጀመሪያ በቅሎ መጣ። «አባትህ ማነው?» ሲሉት «እናቴ ፈረስ ናት» የሚለው በቅሎ፣ ያን ዕለት «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ መጣ።

«እቴ፣ የተዝካሩ ነገር እንዴት ሆነ?»

«ትንሽ ጠላ፣ ትንሽ ቆሎ አስቤአለሁ።»

«ቆሎ! የወንድሜ ስም በቆሎ ሊጠራ? አገር ምን ይለናል?»

ደክሟት ነበር፤ የደከመው አይከራከርም። ተዝካሩ ተደገሰ። አገሩ በላ፣ ጠጣ፣ «ነፍስ ይማር» ብሎ ሄደ። ገብሱ ከግማሽ በታች ወረደ። በቅሎም በማግስቱ መንገድ ላይ ሲያገኛት አላወቃትም።

ጎታው አዘነላት። «የቀረውን እንኳ ከእኔ አታውጪ። ጭቃዬ ወፍራም ነው፤ ከውጭ ሌባ አይገባም» አላት።

ከሆዱ ውስጥ ነቀዝ ሳቀ። «እውነቱን ነው፤ ከውጭ አይገባም» አለ አፉን እየጠረገ።

ቀጥሎ አያ ጅቦ መጣ።

«እመት አህያ፣ እንዴት ዋልሽ? ጀርባሽን ሳየው አንጀቴ ተላወሰ።»

«ያንተ አንጀት ለአህያ ሲላወስ ዛሬ የመጀመሪያው አይደለም፣ አያ ጅቦ።»

«ተይ እንጂ! ገብሱን በሙሉ ስጪኝ፤ በሚመጣው ገበያ እጥፍ አድርጌ አመጣልሻለሁ።»

«በምን ሥራ?»

«ሥራውን ምን አደረግሽው? አንቺ እጥፉን ጠብቂ።»

«ማን ይቆጣጠረዋል?»

«እኔ!»

«ብትከስርስ?»

«እኔ? እኔ ከስሬ አላውቅም።»

«እንግዲያው በደህና ግባ» አለችው። ጎረቤቷ ከርከሮ ግን ያለውን ሁሉ ሰጠው። ገበያው መጣ፤ ጅቡ አልመጣም።

በመጨረሻ ኤሊ እያዘገመ መጣ።

«ወንዝ ዳር የውሃ ወፍጮ ልንሠራ ነው» አላት። «ለብቻው የሚችለው የለም። ሁሉም እንደ አቅሙ እህል ያዋጣል፤ ባዋጣው ልክ ድርሻ ይይዛል። ወፍጮው ሲያተርፍ እንደ ድርሻው ይካፈላል።»

የዛሬ ሰዎች አክሲዮን የሚሉት ይህንኑ ነው።

«ማን ይቆጣጠረዋል፣ አባ ኤሊ?»

«ባለድርሻዎቹ የሚመርጧቸው። አንቺም ትመርጫለሽ፤ ሒሳቡም በየዓመቱ ፊትሽ ይነገራል።»

«ብትከስሩስ?»

«ወንዙ ከደረቀ ወፍጮው ይቆማል። የባሰ ከመጣ ያዋጣሽው ይቀራል። ልዋሽሽ አልመጣሁም።»

አህያዋ ተነፈሰች። «እንግዲያው ሁሉንም ይውሰዱት። መጨነቅ ሰለቸኝ።»

«አልወስድም!» አለ ኤሊ ተቆጥቶ። «በክፉ ቀን የምትበዪውን አስቀምጪ። ዘሩን አትንኪ። ከተረፈው ጥቂት ለወፍጮው ስጪ፤ ጥቂት ደግሞ ቀፎ በማኅበር ለሚሰቅሉት ንቦች። ዝናብ ሲበዛ ንብ ይራባል፤ ዝናብ ሲጠፋ ወፍጮ ይቆማል። ሁለቱ በአንድ ቀን አይወድቁም ይሆናል።»

እንዳላት አደረገች።

የመጀመሪያው ዓመት ትርፍ እፍኝ አይሞላም ነበር። በሁለተኛው ዝናብ ጠፋ፤ ወፍጮው «ውሃ! ውሃ!» እያለ ቆመ። ባለድርሻዎቹ ተሸበሩ። ቀለብ ያላስቀረችው ጅግራ ድርሻዋን በፉርሽካ ሸጠች፤ ጦጣም ተከተለቻት። የገዛቸው በቅሎ ነበር። ወደ አህያዋም መጣ።

«እቴ፣ ያንቺንም ልግዛልሽ። ዝምድናችን ከብዶኝ እንጂ ድንጋይ ምን ያደርግልኛል?»

አንገቷ ወደ ፉርሽካው ዘንበል አለ። ከዚያ ቆም አለችና ጠየቀችው።

«ድንጋዩ ተሰብሯል?»

«አልተሰበረም።»

«እህል የሚያስፈጭ ጠፍቷል?»

«እሱማ ሞልቷል፤ ውሃ ነው እንጂ የጠፋው።»

«እንግዲያው እጠብቃለሁ። የምበላው አለኝ።»

ጥበቃው ረጅም ነበር። ያስቀመጠችውን ገብስ ቆጥባ በላች፤ ከንቦቹ ትንሽ ማር ደረሳት። ብዙ ቀን ድርሻዋን ረግማለች። በመጨረሻ ዝናብ መጣ፤ ወንዙ ሞላ፤ ወፍጮው እያጉረመረመ ዞረ። ከትርፉ አንድ ቁና ዱቄት ደረሳት። ጎታ አይሞላም፤ ሐዘንም አይሽርም። ግን ያልተሸከመችው ዱቄት ነበር።

ግመል ጨዉን ይዞ ደጇ ቆመ። «ተነሺ፣ እንጫን!»

«ግማሽ እሸከማለሁ፤ ካልሆነ ሌላ ፈልግ» አለችው። ከዚያ በፊት እንዲህ ብላ አታውቅም፤ የተራበ ጭነት አይመርጥም።

ግመል አጉተመተመ፤ ግማሹን ጫነ። አህያዋ ባሏ የወደቀበት ቦታ ስትደርስ ቆመች። የሚገፋት አልነበረም። እስኪበቃት አልቅሳ ዳገቱን ጨረሰችው።

ልጆቼ፣ የእኔ ተረት እስከዚህ ነው፤ ፍሬው ለእናንተ ይሁን፦ ቀለቡን ሳያስቀር ያዋጣ ይሸጣል፤ ቀለቡን አስቀርቶ ያዋጣ ይጠብቃል።