ደምሰው እንዲተኛ

ልንገራችሁ? — ንገረን!
መንገዱ ረጅም ነው። — እናሳጥረው!

ደምሰው የሚባል የተሳቢ ሹፌር ነበር። ከሰመራ አልፎ ወደ ጋላፊ በሚወስደው መንገድ ብቻውን ይነዳል፤ ረዳቱ ለእህቱ ሠርግ አገር ቤት ቀርቷል። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። አስፋልት፣ ጥቁር ድንጋይ፣ አስፋልት፣ ጥቁር ድንጋይ። ሬዲዮኑ መጀመሪያ አንሾካሾከ፣ ቀጥሎ ዝም አለ። ደምሰው ዘፈነ፤ ዘፈኑ አለቀበት። የልጆቹን ስም ከታላቅ እስከ ታናሽ ጠራ፤ እሱም አለቀበት። የሚያነጋግረው ሲያጣ ከመሪው ጋር ተጨቃጨቀ፤ መሪው አልመለሰለትም።

ቀትር ላይ ዓይኑ ተከደነ። ሲገልጠው የፊት ጎማው ከአስፋልቱ ወጥቶ ጠጠር ላይ ይንኳኳል፤ መኪናው ወደ ድልድዩ ግንብ እየሄደ ነው። መሪውን ጠመዘዘ፣ ፍሬን ያዘ፣ ቆመ። 

“ደምሰው፣ ዛሬ እነዚያን ልጆች ያለ አባት ልታስቀራቸው ነበር” አለ ለራሱ። “ከዚህ ወዲያ አልነዳም። ትንሽ ልተኛ።”

የፈለገው ይህችኑ ነው፤ ትንሽ እንቅልፍ። ጋቢናው ውስጥ ሞከረ፤ ብረቱ ይፋጃል። ከተሳቢው ሥር ገባ፤ ከመሬቱ የሚወጣው ግለት አስወጣው። ዙሪያውን ሲያይ አንድ ትልቅ ግራር አለ፣ ሥሩ ሰፊ ጥላ አለ። ጥላውን ግን ግመሎች ሞልተውታል። ተጋድመው ያመሰኳሉ።

የግመሎቹ ባለቤት ያዮ የሚባል ረጅም ሰውዬ ነው፤ በትሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ ቆሟል። ከሹፌሮች ጋር ሲውል አማርኛ ለምዷል።

“ወንድሜ፣ እንቅልፍ ሊገድለኝ ነው” አለው ደምሰው። “እኔ እንድተኛ ጥላው ይለቀቅልኝ።”

“ፊትህ ይናገራል” አለ ያዮ። “ግን ግመሎቹ ብዙ መንገድ ተጉዘው የመጡ ናቸው፣ ውሃ ጠምቷቸዋል። አሁን ሳይጠጡ ባስነሳቸው ወደ ተራራው ይበተኑብኛል። አንተ እንድትተኛ ጥላው ይለቀቅ፤ ጥላው እንዲለቀቅ ግመሎቹ ይነሱ፤ ግመሎቹ እንዲነሱ ገንዳው ይሙላ።”

ደምሰው ከግራሩ ማዶ ወዳለው የውሃ ገንዳ ሄደ። ገንዳው ደርቆ ተሰንጥቋል፤ እንሽላሊት ይሮጥበታል። አጠገቡ የውሃ መሳቢያ ሞተር ያለበት የቆርቆሮ ቤት አለ፤ በሩ ተቆልፏል።

“ናፍጣ ነው የጠፋው?” ብሎ ጮኸ። “ናፍጣ እኔ አለኝ!”

“ናፍጣ አለ!” ብሎ ያዮ መለሰለት። “የሌለው ቁልፉ ነው። ሞሚና ጋ ነው፣ እዚያ ዳሱ ውስጥ።”

ደምሰው ወደ ዳሱ አዘገመ። በመንገዱ ላይ እንዳይረሳው በከንፈሩ ይደግመዋል። ደምሰው እንዲተኛ ጥላው ይለቀቅ፤ ጥላው እንዲለቀቅ ግመሎቹ ይነሱ፤ ግመሎቹ እንዲነሱ ገንዳው ይሙላ፤ ገንዳው እንዲሞላ ሞተሩ ይነሳ፤ ሞተሩ እንዲነሳ ቁልፉ ይምጣ።

ሞሚና በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው፤ ቁልፉ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። በእጃቸው ሕፃን ይዘዋል። ሕፃኑ ያለቅሳል፤ ማልቀስ ብቻ አይደለም፣ ይጮኻል። እሳቸው ያወዛውዙታል፣ እሱ ይብስበታል።

“እማማ፣ ቁልፉን ቢሰጡኝ?”

“ቁልፉን ለሰው አልሰጥም፣ ልጄ። መንደሩ አደራ ያለው ለእኔ ነው።”

“እንግዲያው እርስዎ ይምጡልኝ።”

“ይህንን ይዤ? ሞተሩ ሲነሳ ድምፁ ያስበረግገዋል። አስተኝቼ ካላስቀመጥኩት አልመጣም። እናቱ ከታመመች ወዲህ ደግሞ በእኔ እጅ አይተኛም። የሚተኛው አያቱ ሁመድ ትከሻ ላይ ነው፣ ሲያንጎራጉርለት።”

“እና አያቱ የት አሉ?”

ሞሚና በአገጫቸው ወደ አስፋልቱ ጠቆሙ። “ባሌ ከመንገዱ ዳር አልነሳም ብሏል። ልጃችንን አስያን በቃሬዛ ነው መኪና ላይ የጫንናት። ወደ ሎግያ ሐኪም ቤት ወሰዷት። ስልክ እዚህ አይሠራም። ከዚያ ወዲህ ሁመድ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ በእጁ ያስቆማል። የሚቆምለት የለም። የቆመውም ‘አላየሁም’ ብሎት ይሄዳል።”  ሕፃኑን ደረታቸው ላይ አስጠጉት። “ሂድ እስቲ አንተ አነጋግረው።”

ደምሰው እየተጎተተ ሄደ። ዓይኑ እሳት ሆኗል። እንዲህ እያለ ነው የሄደው፦ ደምሰው እንዲተኛ ጥላው ይለቀቅ፤ ጥላው እንዲለቀቅ ግመሎቹ ይነሱ፤ ግመሎቹ እንዲነሱ ገንዳው ይሙላ፤ ገንዳው እንዲሞላ ሞተሩ ይነሳ፤ ሞተሩ እንዲነሳ ቁልፉ ይምጣ፤ ቁልፉ እንዲመጣ ሕፃኑ ይተኛ፤ ሕፃኑ እንዲተኛ አያቱ ይምጡ፤ አያቱ እንዲመጡ ወሬ ይስሙ።

ሽማግሌው ሁመድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ደምሰውን ሲያዩ ተነሡ፤ እጁን ያዙት፣ ሰላምታው ረዘመ፣ ከዚያ አጠገባቸው አስቀመጡት። በአፋር አገር ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ሳይቀመጥና ያየውን ሳይነጋገር አያልፍም፤ ዳጉ ይሉታል።

“ከሎግያ ነው የመጣህ?”

“አዎ፣ አባቴ።”

“ምን አየህ?”

“ምንም። አስፋልት።”

 ደምሰው ልቡ ውስጥ አንዲት ቀላል መንገድ ታየችው። “ልጅዎን አየኋት፣ ደህና ናት” ቢል ሽማግሌው ይነሣሉ፣ ሕፃኑ ይተኛል፣ እሱም ይተኛል። አፉን ከፈተ። የሽማግሌውን ዓይን አየ፤ የሽማግሌውም ዓይን እንደሱ እንቅልፍ አጥቶ ቀልቷል። አፉን ዘጋ።

“አልዋሽዎትም፣ አባቴ” አለ። “መንገዱ አደንዝዞኛል። ያየሁትን አላውቀውም።”

“መንገድ ባዶ አይሆንም፣ ልጄ። የደከምከው አንተ ነህ። ዓይንህን ጨፍን፤ እኔ እጠይቅሃለሁ። ሎግያን ወጣህ። ቀጥሎስ?”

“ፍየሎች… ከዚያ ጎማ የሚቀይሩ ሰዎች።”

“ቀጥሎስ?”

“አስፋልት። ድንጋይ። አንድ ነጭ ፒክአፕ ቆሟል፣ ኮፈኑ ተከፍቷል፣ ጭስ ይወጣዋል።”

“አፍንጫው ወዴት ዞሯል?”

“ወዲህ። ወደ እናንተ።”

“ሰው ነበረበት?”

“ሹፌሩና አንዲት ሴት።”

የሽማግሌው እጅ የደምሰውን ክንድ ጨበጠ። “ሴትየዋ ተኝታ ነበር ወይስ ቆማ?”

“ቆማ። በጀሪካን ራዲያተሩ ላይ ውሃ ታፈሳለች። ሹፌሩ አንድ ነገር ሲላት ትስቃለች። እንዲያውም… እንዲያውም በግራ እጇ ነበር የምታፈሰው። ጀሪካኑን በግራዋ አንሥታ።”

“በግራዋ?”

“በግራዋ። አሁን ፊቴ ላይ ነው ያለው፤ አልሳሳትም።”

ሽማግሌው ፊታቸውን በሽርጣቸው ጫፍ ሸፈኑ። ትንሽ ቆይተው ሳቁ፤ ሳቁ ግን እርጥብ ነበር። “ልጅ ሆና ‘ግራሽን ተይ፣ በቀኝሽ አድርጊ’ እያልኩ ስንቴ ተቆጥቻታለሁ! እንኳን አልሰማችኝ! ቆማ? እየሳቀች? አልሐምዱሊላህ!”

እንዲያ ብለው ዘለው ተነሡ፤ ለዕድሜያቸው የማይሆን እርምጃ ተራመዱ። ያኔ ሁሉም ነገር ተፈታ። አያቱ ወሬ ሰሙና መጡ፤ አያቱ መጡና ሕፃኑን ትከሻቸው ላይ አድርገው አንጎራጎሩ፤ ሕፃኑ አንዴ ተነፋርቆ ተኛ፤ ሕፃኑ ተኛና ሞሚና እያለቀሱ እየሳቁ ቁልፉን ይዘው ሮጡ፤ ቁልፉ መጣና ሞተሩ ተነሣ፤ ሞተሩ ተነሣና ገንዳው ሞላ፤ ገንዳው ሞላና ግመሎቹ አንድ በአንድ ብድግ አሉ፤ ግመሎቹ ተነሡና ጥላው ተለቀቀ።

ደምሰውስ? ያዮ በቅጠል መሬቱን ጠረገለት፣ የራሱን ምንጣፍ አነጠፈለት። ደምሰው ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ አለ። አንዱን አወለቀ። ሁለተኛውን ሳያወልቅ ተኛ።

ፀሐይ ዘንበል ስትል ነጩ ፒክአፕ እያቃሰተ ደረሰ። አስያ ወረደች፤ ከስታለች፣ ግን በእግሯ ነው የምትሄደው። እናቷ አንገቷ ላይ ተጠመጠሙ። ልጇን አቅፋ ሳመችው፣ አሸተተችው፣ ደግማ ሳመችው። ነገሩን ሁሉ ሲነግሯት የተኛውን ሹፌር ላመስግነው ብላ ወደ ግራሩ አመራች።

አባቷ ክንዷን ያዙ። “ተይው” አሉ በሹክሹክታ። “አንቺን ያየ ዓይን ነው። ይረፍ።”

ያዮም አስፋልቱ ዳር ወጥቶ ቆመ፤ የሚያልፍ መኪና ጥሩምባ እንዳይነፋ በበትሩ ምልክት ይሰጥ ጀመር።

ደምሰው የነቃው አመሻሽ ላይ ነው። ጭንቅላቱ ቀሎታል። አጠገቡ አንድ ጣሳ ወተት ተቀምጧል። ወተቱን አላነሣም፣ ወደ መኪናውም አላየም፤ ገና ዓይኑን እየጠራረገ ከራስጌው የተቀመጡትን ሽማግሌ ጠየቃቸው።

“አባቴ፣ መጣች?”

መንገዱን ጨረስን፣ ደረስን በደህና፤
ያያችሁትን አውሩ፣ የሚጠብቅ አለና።