እኛ ሰፈር መብራት የጠፋ ዕለት

አንድ ቀን ስንሻው የሚባል ልብስ ሰፊ አንድ ስመ ጥር የድራማ አዘጋጅ ፍርድ ቤት ገተረላችሁ። ገንዘብ እንኳ አልጠየቀም። «ድራማው የኔ ድርሰት ነው፤ መጨረሻው ላይ ስሜ ይጻፍልኝ» ነው ያለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስንሻው ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ከስፌት መኪናው በተነሳ ቁጥር በደብተር የጻፈውን ድርሰት በኮምፒውተር አስተይቦ ለአዘጋጁ ለአቶ ልዑልሰገድ ሰጠው። አቶ ልዑልሰገድም «አይረባም» ብሎ ወረቀቱን እዚያው አስቀረው። በዓመቱ ስንሻው እሁድ ከሰዓት ቴሌቪዥን ቢከፍት፣ ወይ ጉድ! የፈጠራቸው ሰዎች እሱ የጻፈውን ይነጋገራሉ። «የኔ ነው!» ብሎ ቢጮህ ማን ይመነው? ሰፈርተኛው ሱሪ ሊያሳጥር በመጣ ቁጥር «እሺ ደራሲው!» እያለ መሳቂያ አደረገው። ሚስቱ እንኳ «ተው በናትህ፣ አታዋርደን» አለችው። አንጀቱን ያሳረረው እሱ ነው።

ችሎት ቀረቡ። አቶ ልዑልሰገድ ጥቁር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ እኔ የሃያ ዓመት ባለሙያ ነኝ። እያንዳንዷ ቃል ከገዛ ጭንቅላቴ የፈለቀች ናት። ደብተሩንማ ድራማውን እያየ ነው የገለበጠው» አለ።

ዳኛው ወደ ስንሻው ዞሩ። «ማስረጃ አለዎት?»

«ክፍል ሰባት ይታይልኝ።»

ታየ። ጀግናው በጠራራ ፀሐይ፣ ጤፍ ማሳ መሃል፣ የልጅቷን እጅ ይዞ «ፀሐይዬ፣ ሽማግሌ ልልክ ነው። አባትሽ እምቢ ካሉ...» ሲል፣ ድርግም! ምስሉ ጨለመ። በጨለማው ውስጥ «አስካለ፣ ነገ በጠዋት እመጣለሁ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ወዲያው ፀሐዩ ተመለሰና ጀግናው «...ይዤሽ እጠፋለሁ!» ብሎ ጨረሰ።

ዳኛው ግራ ገባቸው። «ልጅቷ ፀሐይ አይደለችም እንዴ? አስካለ ደግሞ ማን ናት?»

አቶ ልዑልሰገድ ፈገግ አለ። «እሱ እንኳ ለሁሉም ሰው አይገባም። ጨለማው የጀግናው የውስጥ ጭንቀት ነው። አስካለ ደግሞ... መልስ ያጣችው የነፍሱ ጥያቄ ናት። ብዙ ያሰብኩበት ነው።»

ከኋላ ወንበር የአንዲት ሴት ሳቅ አመለጠ።

«የነፍሱ ጥያቄ ያቻትና!» አለ ስንሻው በጣቱ እያሳየ። «ድርሰቴን የተየበችልኝ ጎረቤቴ ናት። እኔ ሳነብላት እሷ ስትተይብ፣ እዚያች ቦታ ላይ ስንደርስ መብራት ሄደ። እሷ ሻማ ፍለጋ ወጥታ ስትቆይብኝ፣ የት እንዳቆምን እንዳይጠፋን ደብተሩ ላይ ‹መብራት ጠፋ። አስካለ፣ ነገ በጠዋት እመጣለሁ› ብዬ ጽፌ ትቼላት ወጣሁ። በማግስቱ እኔ ሳልደርስ ብቻዋን ቀጠለች። እሷ ደግሞ ያየችውን ሁሉ ነው የምትተይበው፤ ዝንብ ቢያርፍበት ዝንቡንም ትተይበዋለች።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ሁሉም ያው የሱ ጽሕፈት ነው!» አለች አስካለ ከተቀመጠችበት።

አቶ ልዑልሰገድ አሁንም እጁን አልሰጠም። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ሐሳብ ሊመጣለት ይችላል እኮ!»

«እሺ ይሁን፣ ሐሳቡ ለሳቸውም ይምጣላቸው» አለ ስንሻው። «እኛ ሰፈር መብራት መጥፋቱን ግን ማን ነገራቸው?»

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛው ራሳቸው ፋይሉን አፋቸው ላይ ጋርደው ነው የሳቁት። ለስንሻው ተፈረደለት።

በመጣው እሁድ ያ ሲያሾፍ የከረመ ሰፈርተኛ ስሙን ሊያይ ስንሻው ቤት ታጨቀ። ሚስቱ ከየጎረቤቱ ወንበር ለቅማ አምጥታ ከፊት ተቀመጠች። ድራማው አለቀ፣ ሙዚቃው ገባ፣ «ደራሲ» የምትለዋ ቃል ከታች ብቅ አለች።

ድርግም!

መብራት ጠፋ። ስንሻው በጨለማው ከወንበሩ ብድግ ብሎ ጮኸ።

«አሁንስ አመናችሁ? ቃል በቃል እንደጻፍኩት ነው!»