የግራ ትከሻ

ይህችን ተረት የማይተርት አገር የለም። የሐይቅ ከተማ ሰው ግን ከመተረቱ በፊት ዞር ብሎ ግራ ቀኙን ያያል፤ ከመኳንንት ዘመዶች አንዱ አጠገቡ እንዳይኖር ነው። እንግዳ ሰው «ምን ሆናችሁ ነው?» ብሎ ከጠየቀ፣ ቁጭ አድርገው የትሁኔን ነገር ያጫውቱታል።

ትሁኔ ባሏ ከሞተ በኋላ በአንዲት አሮጌ ፒክአፕ ሽንኩርት ከማሳ እየጫነች ደሴ የምታደርስ ብርቱ ሴት ነበረች። መኳንንት የባሏ የወንድም ልጅ ነው። እናትና አባቱ በአንድ ዓመት ሲሞቱበት ወስዳ ያሳደገችው እሷ ናት። ካደገ በኋላ ጋቢና አጠገቧ እየተቀመጠ በመጫን በማውረዱ ያግዛት ነበር።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ፒክአፗ መታጠፊያ ስታ፣ መንገድ ዳር ከቆመ አይሱዙ ጋር ተላተመች። የአይሱዙው ሹፌር ጎማ ሊያስጠግን ሄዶ ስለነበር በዓይኑ ያየ ሰው አልነበረም። መንገደኞች ሲደርሱ ትሁኔ ራሷን ስታ አስፋልቱ ዳር ተጋድማለች፤ መኳንንት አጠገቧ ጉልበቱን ይዞ ያቃስታል።

«የምትነዳው እሷ ነበረች። ጎትቼ ያወጣኋት እኔ ነኝ» አላቸው። የትራፊክ ፖሊሱም ይህንኑ ጻፈ።

ትሁኔ በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ውስጥ ዓይኗን ስትገልጥ፣ ያ ማክሰኞ ከአእምሮዋ ተጠርጎ ወጥቷል። ሽንኩርቱ ሲጫን ትዝ ይላታል፤ ከዚያ ወዲያ ድፍን ጨለማ ነው። አስታማሚዎቿ ነገሩን ሲነግሯት አላመነችም።

«እኔ? እኔ ነኝ መኳንንትን የሰበርኩት?»

አሥራ አንድ ዓመት ስትነዳ ዶሮ እንኳን ገጭታ አታውቅም። ከዚያን ቀን ጀምሮ የገዛ እጆቿን እንደ ባዕድ እጅ ታያቸው ጀመር። መንጃ ፈቃዷ ታገደ፤ ባይታገድም መሪ የምትጨብጥበት ወኔ አልቀረላትም። ከሆስፒታል እንደወጣች መጀመሪያ የሄደችው፣ ከእናቱ ወንድም ቤት ወደተኛው ወደ መኳንንት ነው። እግሩ ላይ ወደቀች።

«ይቅር በለኝ ልጄ። እኔ ሰብሬህ አንተ ከሞት አወጣኸኝ።»

መኳንንት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ቢያዝንብኝ ነው ብላ እያለቀሰች ተመለሰች።

በስምንተኛው ወር ከፍርድ ቤት መጥሪያ መጣላት። ከሳሹ መኳንንት ነው። በግድየለሽ አነዳዷ አካሌን አጉድላለችና ካሳ ትክፈለኝ ይላል፤ የጠየቀው ካሳ ደግሞ መኖሪያ ቤቷን ካልሸጠች የማይሞላ ነው። ወረቀቱን ያነበቡላት ጎረቤቷ ጋሽ ይመር ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው። አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ያሳደግሽው ልጅ? በይ ጠበቃ ያዢ» አሏት።

«ምን ብዬ ልከራከር ጋሽ ይመር? ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አምኜ ልገላገል።»

በቀጠሮው ቀን ጋሽ ይመር ብቻዋን አልሰዳትም ብለው አብረዋት ሄዱ። ዳኛዋ ወጣት ሴት ናት። ክሱ ከተነበበ በኋላ ቀና አለች።

«ወይዘሮ ትሁኔ፣ ክሱን ያምናሉ ወይስ ይክዳሉ?»

ትሁኔ ተነሳች። «እኔ የዚያን ቀን ነገር ምንም አላስታውስም፣ ክብርት ዳኛ። ግን...»

አምናለሁ ልትል ነበር። መኳንንት ግን «አላስታውስም» የሚለውን ሲሰማ የካደችው መስሎት ከመቀመጫው ዘለለ።

«ልትክድ ነው! ጉልበቴ ብቻ እኮ አይደለም! ቀበቶው እንኳን እንዴት እንደበላኝ እዩልኝ!» ብሎ የሸሚዙን ቁልፎች በጣጥሶ ደረቱን ገለጠ።

ከግራ ትከሻው የተነሳ ወፍራም ጠባሳ ደረቱን አቋርጦ ወደ ቀኝ ጎኑ ይወርዳል። ችሎቱ በሙሉ «ውይ!» አለ። ትሁኔንም የገዛ ጠባሳዋ እንደ አዲስ ያማት መሰላትና እጇ ሳታስበው ወደ ትከሻዋ ሄደ። እሷንም የመኪናው ቀበቶ ልጧታል። እጇ ያረፈው ግን ቀኝ ትከሻዋ ላይ ነው።

ክው አለች። የሹፌር ቀበቶ የሚወርደው ከግራ ትከሻ ነው። በቀኝ ትከሻ የሚወርደው አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ቀበቶ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየማለዳው ስባ ያሰረችውን ቀበቶ እንዴት ትስተዋለች?

«ክብርት ዳኛ» አለች፤ ድምፁ የራሷ አልመሰላትም። «ይህን ልጅ የት ተቀምጦ እንደነበር ይጠይቁልኝ።»

«ከጎኗ ነዋ! በስተቀኝ» አለ መኳንንት።

«ታዲያ የእሱ ጠባሳ ለምን በግራ፣ የእኔ ለምን በቀኝ ሆነ?»

ዳኛዋ የሁለቱንም የሐኪም ማስረጃ አገላብጣ አነበበች። በዚያው ማክሰኞ የተጻፈ ነው፤ የእሱ «ከግራ ትከሻ»፣ የእሷ «ከቀኝ ትከሻ» ይላል። ወረቀቱን አስቀምጣ መኳንንትን አየችው። እሱ የሸሚዙን ጫፎች ሊያገናኝ ይታገላል።

«መንጃ ፈቃድ የለኝም» አለ በመጨረሻ። «ትንሽ ልሞክር ብዬ ለምኜያት ነው መሪውን የሰጠችኝ። ስጋጭ ፈራሁ።»

ትሁኔ ወንበሩን ደገፍ አለች። ቤቷ መትረፉ ትዝም አላላት።

«ስትጎትተኝ» አለችው፣ «ልታድነኝ አልነበረም?»

ስምንት ወር ሙሉ ስትመርቀው የኖረችው እጅ ለካ ያወጣት ከሹፌሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ እንዳትገኝ ነው።

ዳኛዋ ክሱን ዘግታ፣ ፖሊስ የሐሰት ቃሉን እንዲያጣራ አዘዘች። ሁሉም ወደ ውጭ ወጣ። መኳንንት ግቢው መሃል ሲደርስ የጋሽ ይመርን ኮት ጨምድዶ ይዞ ጮኸ።

«ኧረ የሰው ያለህ! ጉልበቴ ደቆ ልታሰር ነው እኮ! ጋሽ ይመር፣ ይለምኑልኝ! ያሳደገችኝ ሴት እንዲህ ትጨክንብኛለች? የተጎዳሁት እኔ፣ የተበደልኩት እኔ!»

በግቢው የነበረው ባለጉዳይ ሁሉ በቆመበት ደርቆ ቀረ። ጋሽ ይመር የልጁን ጣቶች ከኮታቸው ላይ አንድ በአንድ አላቀቁ፤ ከዚያም ወደ ሕዝቡ ዞረው ራሳቸውን እየነቀነቁ እንዲህ አሉ፦ «ጉድ እኮ ነው ጎበዝ፤ ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል!»