የጳጉሜዋ ውርንጭላ

ተረት ተረት።

«የጆሮ እራት» በሉ እንጂ። ዝም ካላችሁኝ እኔም ዝም እላለሁ፤ አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም።

እሺ። በድሮ ጊዜ፣ እንስሳት ሁሉ ካንድ ምንጭ ይጠጡ በነበረበት ዘመን፣ በምንጩ በር ላይ አንድ ኮምፒዩተር ተቀምጦ ነበር። በዚያ ዘመን ኮምፒዩተር ከየት መጣ የሚል ካለ፣ አህያስ ከመቼ ወዲህ ተናገረች ብሎ ይጨምርበትና ሁለቱን ባንድ ላይ እመልስለታለሁ።

በጋው በረታ፣ ምንጩ ቀጠነ፣ ግፊያ መጣ። አያ አንበሶም ሕግ አወጣ። ስሙንና የተወለደበትን ቀን በኮምፒዩተሩ ያስመዘገበ በተራው ይጠጣል። ላልተመዘገበ በሩ አይከፈትም። ከበሩ ውጭ ተጠምቶ የወደቀ ደግሞ የዘበኛው ነው። ዘበኛው ማን ነው ብትሉ፣ አያ ጅቦ። እንዲህ ያለ ሕግ ሲወጣ ዘበኛ ለመሆን የሚሮጠው ማን እንደሆነ ይታወቃል።

እመት አህዪት አንዲት ልጅ ነበረቻት። የወለደቻት ጳጉሜ ሦስት ቀን፣ በሩፋኤል ዝናብ ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ወልዳ ሁለቱም አልቆዩላትም። ይቺኛዋ ዝናቡ እየወረደባት ባራት እግሯ ስትቆም፣ እናቲቱ «ይቺስ ትትረፍልኝ» አለች። ስሟም በዚያው ትርፌ ተባለ።

አሁን የካቲት ገብቷል። እናቲቱ ተመዝግባ በተራዋ ብትጠጣም የሚደርሳት ጉንጭ ውሃ ስለሆነ ጡቷ ነጥፏል፤ ውርንጭላዋ ውሃ ካላገኘች አትከርምም። ስለዚህ እናት ልጇን አስከትላ ወደ በሩ ሄደች። ኮምፒዩተሩ ፊት እመት ጦጢት ተቀምጣ ትጽፋለች። ጣቷ ቀልጣፋ ስለሆነ ሥራው ለእሷ ደርሷት ነው እንጂ የተለየ ነገር አውቃ አይደለም።

«ስም?» አለ ኮምፒዩተሩ።

«ትርፌ» አለች አህዪት።

«የተወለደችበት ቀን?»

«ጳጉሜ ሦስት።»

ኮምፒዩተሩ ትንሽ አጉረመረመና፣ «ጳጉሜ የሚባል ወር አላውቅም። ወሮች አሥራ ሁለት ናቸው። ቀኑ ከሌለ ልጅቷ አልተወለደችም» አለ።

«ይቺው ቆማለች እኮ።»

«እኔ ዓይን የለኝም። ያለኝ ሕግ ነው።»

አያ ጅቦ በሩን ተደግፎ ትርፌን ከሰኮናዋ እስከ ጆሮዋ አያት። «አይዞሽ እመት አህዪት» አለ። «ልጅቷ ከደከማት እዚሁ ጥላው ሥር ትረፍ።»

ልብ በሉ። እናት «ትትረፍ» አለች፣ ጅብ «ትረፍ» አለ። በመካከላቸው ያለችው አንዲት «ት» ናት። ልጅ የሚኖረውም የሚበላውም በዚያች በአንዷ «ት» ነው።

ጦጢት ወደ አህዪት ጆሮ ጠጋ አለችና፣ «መስከረም አንድ በያትና ይለቅ። ለጥቂት ቀን ልዩነት ማን ይጣላል?» አለቻት።

«ያማጥኩት እኔ ነኝ» አለች አህዪት። «ቀኑን አውቀዋለሁ። መስከረም አንድ ብለሽ የጻፍሻት ሌላ ውርንጭላ ናት። እሷ ገብታ ትጠጣለች፣ የኔዋ ውጭ ትቀራለች።»

ከዚያም ወደ ኮምፒዩተሩ ዞራ፣ «ይሄን ሕግ ማን ሰጠህ?» አለችው።

«ማንም አልሰጠኝም» አለ። «ማንም ሕግ ካልሰጠኝ ሆዴ ውስጥ ነባሪ የሚባል አለ፣ በሱ እሠራለሁ። ነባሪ ከተሠራሁበት አገር አብሮኝ የመጣ ነው፤ ጳጉሜን ሰምቷት አያውቅም። የአገራችሁን ወር፣ የአገራችሁን ሰዓት፣ የአገራችሁን ፊደል ጽፋችሁ ስጡኝ። ያኔ በናንተው እሠራለሁ።»

እንስሳቱ ተሰበሰቡ። አውራ ዶሮ ሰዓቱን ተናገረ፦ «ቀን የሚቆጠረው ሲነጋ ነው። በእኩለ ሌሊት ቀን ጀመረ የሚል ካለ እኔን ይጠይቀኝ፤ ያኔ ተኝቻለሁ።» በቀቀን ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ በዜማ አወረደችው። ኤሊ የወሮቹን ስም ከመስከረም ጀምራ፣ በእርጋታዋ፣ አንድ በአንድ ጠራች። ጦጢት ጻፈች፣ ኮምፒዩተሩም ጽሑፉን ዋጠ።

በማግስቱ እናት ልጇን አስከትላ መጣች።

«ስም?»

«ትርፌ።»

«የተወለደችበት ቀን?»

«ጳጉሜ ሦስት።»

«ጳጉሜ የሚባል ወር አላውቅም።»

«ትናንት አልዋጥከውም እንዴ?»

«ውጬዋለሁ» አለ ኮምፒዩተሩ። «ግን ጥሬ ነው። ጥሬ አይፈጭልኝም። መጀመሪያ አጠናቃሪው ያጠናቅረው።»

አጠናቃሪ የሚባለው እዚያው ኮምፒዩተሩ ሆድ ውስጥ የሚኖር ነው። የተጻፈውን ሕግ እንደ ወፍጮ ይቀበልና ኮምፒዩተሩ ሊበላው የሚችል ዱቄት አድርጎ ያወጣዋል። አህዪት ዕድሜዋን ወፍጮ ቤት እህል ስታመላልስ የኖረች ናት፤ ነገሩ ቶሎ ገባት። «እንግዲያው ይፈጭ» አለች። አጠናቃሪው ተነሳ፣ ሁለት ጊዜ ዞረና ቀጥ አለ።

«ጠጠር አለበት» አለ። «አናቱ ላይ ወሮች አሥራ ሁለት ናቸው ይላል። ከሥሩ የተደረደረው ስም አሥራ ሦስት ነው። የቱን ልፍጭ?»

ሁሉም ጦጢትን አዩዋት።

«ምን አጠፋሁ?» አለች ጦጢት። «ዓመት አሥራ ሁለት ወር ነው፣ ሁሉም የሚለው እንደዚያ ነው። ደግሞ ጳጉሜን ማን ይቆጥራታል? ደመወዝ የላት፣ የቤት ኪራይ የላት።»

«እውነቷን ነው» አለ አውራ ዶሮ። «እኔም ስጠየቅ አሥራ ሁለት ነው የምለው።»

ኤሊ አንገቷን ወደ ድንጋይ ልብሷ መለሰች። ስም ስትጠራ እንጂ ስትቆጥር አልነበረችም።

አህዪት ከፋት። ኮምፒዩተሩ አላውቃትም ሲል እንደዚህ አልከፋትም ነበር፤ እሱ እንግዳ ነው። «እሱ ባያውቃት አልፈርድበትም» አለች። «እናንተ ግን ትርፌ ስትወለድ በዚያ ዝናብ ውስጥ ከጎኔ ቆማችሁ ስትታጠቡ ነበር። ለመሆኑ ያን ቀን የቆማችሁት በየትኛው ወር ላይ ነው?»

ጦጢት አሥራ ሁለትን ፋቀችና አሥራ ሦስት ብላ ጻፈች። አጠናቃሪው ዞረ፣ ዞረ፣ ፈጨ። ግን መሽቶ ስለነበረ ምዝገባው ለነገ ተባለ፣ ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ። አያ ጅቦ ብቻ ቀረ፤ ዘበኛ ነውና።

በሦስተኛው ቀን ትርፌ መራመድ አቅቷት እናቲቱ በግንባሯ እየገፋች አመጣቻት።

«ስም?»

«ትርፌ።»

«የተወለደችበት ቀን?»

«ጳጉሜ ሦስት።»

«ጳጉሜ የሚባል ወር አላውቅም።»

ትርፌ በሩ ፊት በጉልበቷ ተንበረከከች። አያ ጅቦ ምራቁን ዋጠና፣ «ትረፍ፣ ትረፍ፣ አትቀስቅሻት» አለ።

አህዪት ለቅሶ ውሃ አይሆንም ብላ እንባዋን ዋጠች። «ትናንት የተፈጨውን በልተሃል፤ ዛሬ ምን ነካህ?» አለችው ኮምፒዩተሩን። «የምትሠራበትን ሁሉ አንድ በአንድ ጥራልኝ።»

ኮምፒዩተሩ ጠራ። «ፊደል፣ የአገር ቤት። ሰዓት፣ የአገር ቤት። ወርና ቀን፣ የአገር ቤት። ሁሉ፣ ነባሪ።»

«ሁሉ ደግሞ ማነው?»

«ሁሉ የበላይ ነው። እሱ የተናገረ እንደሆነ ፊደልንም፣ ሰዓትንም፣ ወርንም አልሰማም። የሱ ቦታ ባዶ ሲሆን ነው ሌሎቹ በየራሳቸው የሚናገሩት። ሁሉ ደግሞ በነባሪ ሥራ ብሎኛል።»

«ትናንት እኮ አልነበረም።»

«ማታ ነው የተሾመው። የሹመቱ ቁልፍ ያለው ዘበኛው ጋ ነው።»

«ለሥርዓት ብዬ ነው» አለ አያ ጅቦ። «አዛዥ ሲበዛ አገር ይታወካል። አንድ አዛዥ ይበቃል።»

አያ አንበሶ ሩቅ ነው። አህዪት ብትራገጥ ጅብ ይነክሳል፤ ብትጮህ ልጇ ከመድረቋ በፊት የሚደርስ የለም። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፣ እሷ ግን እልሁን ራሱን ዋጠችው።

«ልክ ነህ አያ ጅቦ፤ ሁሉ እንዳለ ይቆይ» አለች። «ለመሆኑ የዘብነትህን ቅልጥም መቼ ነው የምትቀበለው?»

ጅብ የቅልጥም ስም ሲነሳ ልቡ ሌላ ቦታ አይሆንም። «ወሩ በገባ በሠላሳኛው ቀን» አለ። «ገና የመጀመሪያዬ ነው። ኮምፒዩተሩ ቀኑን ሲጠራ የአያ አንበሶ ጓዳ ይከፈታል፣ የሙሉ በሬ ቅልጥም የኔ ነው።»

«እንግዲያው ደርሶልሃል፤ የካቲት ሠላሳ ሩቅ አይደለም። እስቲ ጠይቀው። እኔ አህያ ነኝ፣ ምን አውቃለሁ።»

አያ ጅቦ ወደ ኮምፒዩተሩ ዞረ። «የካቲት ሠላሳ መቼ ነው የሚውለው?»

«የካቲት ሠላሳ የሚባል ቀን አላውቅም» አለ ኮምፒዩተሩ። «በነባሪ ዘንድ የካቲት ሃያ ስምንት ላይ ያልቃል።»

ጅቦ ቆጣ ብሎ ጠየቀ። ኮምፒዩተሩ «አላውቅም» አለ። ጅቦ አጎንብሶ፣ ድምፁን አለስልሶ ጠየቀ። ኮምፒዩተሩ «አላውቅም» አለ።

«ቅልጥሜስ?»

«ቀኑ ከሌለ ቅልጥሙም የለም።»

ጅቦ አንዴ ትርፌን አየ፤ ቆዳና አጥንት ናት። አንዴ የአያ አንበሶን ጓዳ አየ። ጅቦ ቁልፉን አወጣና ሁሉን በገዛ እጁ ከተሾመበት አወረደው። ቦታው ባዶ ሆነ።

«ለሥርዓት ብዬ ነው» አለ።

«ስም?» አለ ኮምፒዩተሩ።

«ትርፌ።»

«የተወለደችበት ቀን?»

«ጳጉሜ ሦስት።»

«ተመዝግባለች» አለ፣ በሩም ተከፈተ። ትርፌ በጉልበቷ እየተሳበች ገባች፣ አፏን ምንጩ ላይ ደፋች፣ ጠጣች። እናቲቱ እሷ ሳትጠግብ አልጠጣችም።

ጅቦስ ምን ሆነ ካላችሁ፣ የካቲት ሠላሳ ቀን ቅልጥሙን በላ። ምን ልዋሽ፣ በላ። ጦጢት ደግሞ ዓመት ስንት ወር ነው ብለው ሲጠይቋት የእጇን ጣት ሁሉ ትጨርስና ሦስት የእግር ጣት ትጨምራለች፤ ሦስተኛዋን ስትነካ አህዪትን ሰረቅ አድርጋ ታያታለች።

እኔ ተርቼ ጨረስኩ፣ እናንተ ሰምታችሁ ጨረሳችሁ። አፋችሁ ላይ የምትይዙት ቢጠፋ ይቺን ያዙ፦ ለቆጠረ ትርፍ፣ ለወለደች ዋና።