የእትዬ የሺ አንድ እጅጌ ሹራብ

በእኛ ሰፈር፣ ሰው የልቡን በቀጥታ መናገር አቅቶት ዙሪያ ጥምጥም ሲሄድ የሚተረትበት አንድ ተረት አለ። አሁን አሁን ልጆቹም ያነበንቡታል፣ “የጥንት አባቶች ተረት ነው” የሚልም አልጠፋ። የምን ጥንት! እኔ ተዋበች እዚያው ቆሜ በጆሮዬ የሰማሁት ነው። በጥፋቱም የእኔ እጅ አለበት፤ ስለዚህ ከእኔው ስሙት።

እትዬ የሺመቤት እዚሁ ደብረ ብርሃን ሠላሳ ዓመት የእጅ ሥራ ስታስተምር ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ነበረች። ባሏ ሞቷል፣ ልጅ አልወለደችም። ያን ሁሉ ተማሪ አስተምራ፣ ጡረታ በወጣች በዓመቱ በሯን የሚያንኳኳ ጠፋ። ምን ታድርግ? ቀኑን ለሦስት ከፈለችው። ጠዋት ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች፤ ከምሳ በኋላ ያንን እየቆጠሩ ክር የሚያመሳቅሉበትን መስቀለኛ ጥልፍ ትይዛለች፤ አመሻሽ ላይ መጽሐፍ ታነባለች። አንዱ የሌላውን ሰዓት እንዳይሻማ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያየች ነው።

“ታድለሽ እትዬ የሺ፣ ጊዜሽ እኮ ሙሉ ነው!” አልኳት አንድ ቀን።

“ሙሉስ ሙሉ ነው፤ ግን ሦስቱም አያናግሩኝም” አለችኝ።

እኔ ሳቅኩና ወደ ቤቴ ሄድኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ያ የሚያስቅ ነገር ነበር?

የዚያን ዓመት መስከረም ላይ ግን ሦስት ሰው መጣላት። አንዷ ሰናይት የምትባል ለጤና ጣቢያው አዲስ የተመደበች ነርስ ናት፤ የቆላ ልጅ ስለሆነች ገና ብርዱ ሳይጀምር ፈራችውና ሹራብ አዘዘች። ሁለተኛዋ እኔ ነኝ፤ ለልጄ ሠርግ ሁለት የትራስ ልብስ ጥለፊልኝ ብዬ ነጭ አቡጀዲ ወሰድኩላት። ሦስተኛው ጎረቤታችን ጋሽ ይፍሩ ናቸው፤ የጭነት መኪና ሾፌር የነበሩ፣ በስተርጅና ዓይናቸው የጠፋ። “የምታነቢውን ጮክ ብለሽ አንብቢው፣ እኔም ልስማ” አሏት።

ሰኞ ሰናይት ለልክ ትመጣለች፣ ረቡዕ እኔ ጥልፌን ለማየት እሄዳለሁ፣ ዓርብ ጋሽ ይፍሩ መሬቱን በዘንጋቸው እየዳበሱ ይመጣሉ። የእትዬ የሺ ፊት ወዙ ተመለሰ። ሻይ ታፈላለች፣ ቆሎ ታቀርባለች፣ ጨዋታዋ አያልቅም።

ችግሩ ሥራውም አያልቅም! ጥቅምት አለፈ፣ ኅዳር ገባ። ሰናይትን አንድ ሰኞ “እጅጌው አጥሮብኛል፣ ፈትቼ ልሥራው፣ የሚመጣው ሰኞ ነይ” ትላታለች። በሚመጣው ሰኞ ደግሞ እጅጌው ረዝሟል። የእኔም የትራስ ልብስ ከአንዲት ጽጌረዳ አልፎ አልሄድ አለ።

“ቆጠራ ስቼ ነው ተዋቤ” ትለኛለች። “ይሄ ጥልፍ አንዲት ነጥብ ከሳቱ ሁሉም ይበላሻል። ረቡዕ ብቅ በይ።”

እኔም ቆሎዬን ቆርጥሜ፣ እየተነጫነጭኩ እመለሳለሁ።

ታኅሣሥ ላይ ውርጩ መጣ። የደብረ ብርሃን ውርጭ ሹራብ እስኪያልቅ አይጠብቅም። ሰናይት ሲብስባት ከቅዳሜ ገበያ ሰልባጅ ሹራብ ገዛችና፣ “እትዬ ደክሟቸው ይሆናል፣ አላስቸግራቸው” ብላ ቀረች። ወዲያው ዝውውሯ መጥቶ ወደ አገሯ ሄደች። እኔም ተናድጄ ሁለት ረቡዕ ሳልሄድ ቀረሁ። ያኔ እትዬ የሺ ሻዩን አፍልታ፣ ሁለት ስኒ አስቀምጣ፣ በር በሩን ስታይ ትውል እንደነበር በኋላ ነው የሰማሁት።

ሠርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ዓርብ አመሻሽ ላይ፣ ጨርቄን ልቀማት ገባሁ። ጋሽ ይፍሩ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ እሷ ታነብላቸዋለች።

“አምጪ ጨርቄን፣ በስፌት መኪና ለሚጠልፍ ልሰጠው ነው!” አልኩ፣ እንደምን ዋላችሁ እንኳ ሳልል።

ጨርቁን አውጥታ ሰጠችኝ። መስኮቱ ጋ ወስጄ ስዘረጋው ጨርቁ ወንፊት ሆኗል። ከዳር እስከ ዳር መርፌ ገብቶ የወጣበት፣ ክር የተመዘዘበት ቀዳዳ ነው። ሙሉውን ጠልፋ፣ ጨርሳ፣ መልሳ ፈትታዋለች።

“እትዬ የሺ፣ ይሄ ስህተት አይደለም። ሆን ብለሽ ነው!”

መጽሐፉን ከደነችው።

“የሰናይትንስ?”

ከክር ቅርጫቷ ውስጥ ሹራቡን አወጣችው። ሰማያዊ፣ ልቅም ያለ ሥራ፣ አንድ እጅጌ ብቻ የቀረው። “የሷ ለኅዳር ሚካኤል አልቆ ነበር” አለች። “አንዱን እጅጌ መልሼ ፈታሁት። ሰሞኑን ሥራ በዝቶባት ነው መሰለኝ የጠፋችው።”

“ምን ሥራ! ተዛውራ ሄደች እኮ፤ ይኸው ሳምንቷ።”

ሹራቡን ጭኗ ላይ ዘረጋችው። “ሳትሰናበተኝ?” አለች።

“አንቺ በብርድ እያንዘፈዘፍሻት ምን ብላ ትሰናበትሽ!” አልኩ። ክፉ ምላስ አለኝ፣ አልክድም።

“ጨርሼ ብሰጣት ሰኞ ሰኞ ምን ብላ ትመጣ ነበር?” አለች። “አንቺስ ተዋቤ? ጎረቤት ከሆንን አሥራ ስምንት ዓመታችን ነው። ጥልፍ ሳይኖርሽ፣ ‘እትዬ የሺ እንዴት ዋለች’ ብለሽ መጥተሽ ታውቂያለሽ?”

ፈልጌ ፈልጌ አንድ ቀን እንኳ ላገኝ አልቻልኩም። እዚያው መስኮቱ ጋ ቆሜ እንባዬ መጣ።

ጋሽ ይፍሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “ለነገሩ እኔም ይሄን ሦስተኛ ምዕራፍ ዛሬ ስሰማው አራተኛዬ ነው።”

እትዬ የሺ ክው አለች። “ያውቁ ኖሯል?”

“የጠፋው ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ መች ጠፋ?”

“ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?”

“መጽሐፉ ቢያልቅ ዓርብን የት ልዋለው? እኔም ቤት ሰው የለም” አሉ። “ግን ሁለታችንም አጥፍተናል የሺ፤ እኔም ዝም ብዬ አገዝኩሽ። እኔና አንቺ እሳት ዳር ተቀምጠን ያቺን የሰው ልጅ አስበረድናት።”

“ምን ማድረግ ነበረብኝ ጋሼ? እርስዎ ይንገሩኛ!” አለች፣ ሹራቡን በሁለት እጇ ጨምድዳ።

ጋሽ ይፍሩ በዘንጋቸው ተደግፈው ድምጿ ወደመጣበት ዞሩና እንዲህ አሏት፦ “ሰው የናፈቀው ስም ይጥራ እንጂ ክር አይፍታ።”