ጎንበስ የሚል ጎማ

ሹመት ቁመት ይጨምራል ብሎ የሚያምን አቶ ደምመላሽ የሚባል የወረዳ ሹም ነበር። የምክትሉ መኪና ከእሱ መኪና በቁመት አንድ ስንዝር በልጣ ባየ ቀን እህል አልወርድ አለው። በማግስቱ መንገድ ዳር ጎማ የምትገጥም አንዲት አሮጊት ዘንድ ሄደ። የቆርቆሮ ቤቷ በር አጭር ነበርና ባርኔጣውን ይዞ ጎንበስ ብሎ ገባ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ከሁሉ የሚተልቀውን የጭቃ ጎማ ግጠሚልኝ» አላት።

«ለእርስዎ መኪና ካላት በሁለት ጣት የሚበልጥ ጎማ ይበቃታል። ከዚያ ያለፈው፣ መሪ ሲጠመዝዙ ከጎማው በላይ ያለውን የጭቃ መከላከያ፣ ፓራፋንጎውን፣ ይፍቃል። ግድ ካሉ ፓራፋንጎው ይቆረጥ፤ አለዚያም መኪናዋ ከፍ ትበል።»

«ከመኪናዬ አንዲት ብሎን አትነኪም። ትልቁን ጎማ ግን ትገጥሚያለሽ። ካልገጠምሽም ሆነ ከፋቀ ይህችን ቤትሽን አስፈርሳታለሁ።»

ጎማ ሊያስገጥሙ የመጡ ሾፌሮች ሊያዳምጡ በሩ ላይ ተሰበሰቡ። አሮጊቷ ሠላሳ ዓመት እንጀራዋን የበላችበትን ቆርቆሮ ቀና ብላ አየችና እጇን በጨርቅ ጠረገች።

«ጌታዬ፣ አሁን ሲገቡ የቤቴን በር አስቆረጡት?»

«ኧረ ምን በወጣኝ፤ ጎንበስ ብዬ ገባሁ እንጂ።»

«እንግዲያው እንደ እርስዎ ጎንበስ የሚል ትልቅ ጎማ ፈልገው ያምጡልኝ፤ ዛሬውኑ እገጥመዋለሁ።»

ሾፌሮቹ ሳቃቸውን አፍነው መንገድ ለቀቁለት። ሹሙም ሲወጣ፣ ሲገባ ካጎነበሰው ይበልጥ አጎነበሰ።